እርከኑን ያፈረሰው ማን ነበር?

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ላይ ጡረታ ወጥቼ ከተቀመጥሁ ወዲህ፣ ስለ ስንዴው፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ችግኙና ስለ ባሕር ዛፉ የምታደርጉትን ክርክር በትጋት እከታተላለሁ። መከራከራችሁን አልጠላሁትም፤ እኛ በእናንተ ዕድሜ የወረደልንን መመሪያ ፈጽመን ሪፖርት የምንጽፍ ባለሙያዎች ነበርን፣ ለምን ብሎ መጠየቅም ዋጋ ያስከፍል ነበር። ሆኖም ከክርክራችሁ መካከል አንድ ጥያቄ ሲጎድል አያለሁ፤ ይህ ሥራ ቢሰምር የሚጠቀምበት፣ ባይሰምር ደግሞ የሚጎዳበት ሰው ማን ነው? ተጠይቆስ ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ እኔም የተማርሁት ዘግይቼና በራሴ ስሕተት ነው።

ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በስንዴና በዘይት ክፍያ ሕዝብ እያሰለፍን እርከን የምንሠራ ወጣት የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሠራተኞች ነበርን። ከጣርማበር በላይ ባለ አንድ ቀዝቃዛ ዳገት ላይ፣ በእጄ የያዝሁት መመሪያ እንዳዘዘው በገመድና በውሃ ልክ ደልዳላ እርከን ቀየስሁ። የማሳው ባለቤት የሆኑ አንዲት እናት ካቡን ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህ ካብ ውሃውን ወዴት ይሰደዋል?» አሉኝ። «እዚያው ይሰርጋል፣ እማማ» ብዬ መለስሁ። በነሐሴ ተመልሼ ስሄድ ከካቡ በላይ ያለው ገብስ ቢጫ ሆኖ፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ እግሬም እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰምጦ አገኘሁት። በድንጋዩ ስንጥቅ ደግሞ አይጥ ገብቶበት ነበር። ዝናብ በሚያንስበት ቆላ ውሃ ማቆር በጎ ሥራ ነው፤ ደጋ ላይ ግን እርከኑ ዘንበል ብሎ ትርፉን ውሃ ወደ ቦይ ማውጣት አለበት። በ1970ዎቹ አጋማሽ አንዲት ጥድ በሚባለው ስፍራ የተቋቋመው የምርምር ጣቢያ ጎርፉንና የሚታጠበውን አፈር ለዓመታት ሲለካ ያሳየን ይህንኑ ነበር። እማማ ግን መለኪያም ሳይኖራቸው አስቀድመው ነግረውኝ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ የተከለለው ደንም ተመነጠረ፤ ከዚያ ዳገት ላይም ድንጋዩ እየተነሣ ለበረት ካብ ዋለ። እኔ በሪፖርቴ ላይ ምክንያቱን «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ» ብዬ ጻፍሁ። ያንን ወረቀት ዛሬ ባገኘው እቀደው ነበር። ሕዝቡ ያፈረሰው ያልመከረበትን፣ ማሳውን ያጠበበበትንና ገብሱን ያበሰበሰበትን ነገር ነው።

በዚያው በሰሜን ሸዋ ዞን ወደ መንዝ ብትሻገሩ የዚህን ተቃራኒ ታገኛላችሁ። ጓሳ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነው ሣር የበቀለበት፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውርጫም ደጋ ነው፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም አሉበት። ያን ሣር ለመቶዎች ዓመታት የጠበቀው የአቅኚ አባቶች ዘሮች የቄሮ ሥርዓት ነው፤ በስምምነት ይዘጋል፣ አንዳንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፣ ችግር ሲመጣ ይከፈታል፣ ሰርቆ ያጨደ ይቀጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለጭሰኛው ያመጣውን ፍትሕ አልክድም፤ እኔ ራሴ የጭሰኛ ልጅ ነኝ። ነገር ግን ያው አዋጅ የቄሮን ሥርዓት አብሮ አፈረሰውና ጓሳ የማንም ሆነ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ላይ ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰው። የቄሮ ሥርዓት እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ ድርሻው በትውልድ የሚቆጠር ስለነበረ መጤው የሚገባበት በር ጠባብ ነበር። ፍትሑን ከጥበቃው ጋር ማስታረቅ እንዴት ይቻላል የሚለው ለእናንተ ትውልድ የተረፈ ክርክር ነው፤ ስንት ችግኝ ተተከለ ከሚለው ቁጥር ይልቅ እሱ ላይ ብትሟገቱ እወዳለሁ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን አረንጓዴ አሻራ የሚያሞግሱትንም የሚያጣጥሉትንም እሰማለሁ፤ ሁለቱም በሐምሌ ያወራሉ። እናንተ ግን በግንቦት ሂዱና ከብት ያልበላውን ቁጠሩ፤ ግጦሹ የተዘጋበትን ገበሬም ከብቱን የት እንደሚያሰማራ ጠይቁት።

ባሕር ዛፍ ይነቀል የምትሉኝ ወጣቶች ደግሞ አላችሁ። በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለ ግቢ ሁሉ፣ ላዩ በእበት ተለስኖ ጎጆ መስሎ የቆመ የኩበት ክምር ታያላችሁ። ያ ክምር ለማሳው ሊሆን የሚገባ ፍግ ነው፤ በየጧቱ ከምጣድ ሥር አመድ ይሆናል። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ለማገዶ ችግር ነው፤ ችግሩም ገና አልለቀቀንም። ከምንጭ አጠገብና ከእህል ማሳ ዳር የተተከለው እንዲነሣ አብሬያችሁ እሟገታለሁ፤ ዛፉ የተጠማ ነው፣ ጎረቤቱን ያደርቃል። ከደረቅና ከተቦረቦረ ዳገት ላይ ግን ስትነቅሉት እንጀራው በምን ይጋገር? በኩበት ካላችሁ ከአፈሩ ነጠቃችሁ።

የማዳበሪያውም ነገር ከዚሁ ይያያዛል። ለብዙ ዓመታት ምክራችን ለመንዝ ገብስም ለምንጃር ጤፍም አንድ ነበር፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ፍግ ያልቀመሰ፣ የኮመጠጠ አፈር የተሰጠውን አይዝም፤ ኖራ የሚፈልገው መሬት በዩሪያ ብቻ አይድንም። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲንር፣ በ2015 ክረምት ደግሞ ማዳበሪያው በክልላችን በወቅቱ ሳይደርስ ሲቀር ገበሬው የደረሰበትን ጭንቀት አይተናል። አቅርቦቱን መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጠይቁ። ነገር ግን ከረጢቱ በሰዓቱ ቢደርስ ሁሉ ነገር ይስተካከል ነበር ብላችሁ አትመኑ።

ስንዴን በተመለከተ፣ በ2015 ዓ.ም. ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ ሲባል ግማሾቻችሁ በደስታ፣ ግማሾቻችሁ በፌዝ ተቀበላችሁት። በአንድ አገር ውስጥ የሚሸጥ ትርፍ እህልና የሚላስ የሚቀመስ ያጣ ቤት ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ። በራሳችን ዞን ጅሩ ስንዴ ሲያወጣ፣ ከመንዝ ወረዳዎች መካከል በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው ሴፍቲኔት፣ ማለት የምግብ ዋስትና ድጋፍ፣ የታቀፉ አሉ። ጥያቄው የጅሩ ስንዴ መንዝ ላይ በስንት ብር ይደርሳል፣ የመንዙስ ሰው መግዣ ከየት ያመጣል የሚለው ነው። የጅሩን ስንዴ ካነሣሁ ዘንድ የእነዋሪን ሴቶች ሳላነሣ አላልፍም፤ መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ውሃ ሲያቁር ከልጆቻቸው ጋር አጎንብሰው፣ ጭቃውን በእጃቸው እየዛቁ መደብና ቦይ የሚያወጡት እነሱ ነበሩ። ተመራማሪዎች በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ የሠሩት ያንን አይተው ነው። በዘንድሮው ክርክር ስለ ስንዴ ሴት ስትጠቀስ ብዙም አልሰማሁም።

ስለ ክላስተርም፣ ማለት የብዙ ገበሬ ኩታ ገጠም ማሳ በአንድ ሰብል ስለ መሸፈን፣ መለኪያዬ ይኸው ነው። ደጋው ገብስን ከባቄላ ጋር ሲያፈራርቅ የኖረው ባቄላ ለአፈሩ ናይትሮጅን ስለሚመልስለት ነው፤ ገበሬው ቆርምድ የሚለው በሽታ ባቄላውን ሲመታበት ግን ፈረቃው ተናጋ። ለባቄላው በሽታ መፍትሔ ሳያመጡ በስንዴ ላይ ስንዴ ዝራ ማለት፣ ጎረምሳ ሳለሁ እኔ የሠራሁትን ስሕተት በሌላ ስም መድገም ይመስለኛል።

ባለፈው ጥቅምት በዚያ ዳገት በኩል አለፍሁ። እማማ ካረፉ ቆይተዋል። ማሳው ላይ ካቡ እንደገና ተሠርቷል፣ ጫፉ ላይ ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ በቅሏል፤ እርከኑ ግን ደልዳላ አልነበረም፣ በስተግራ ወዳለው ቦይ ዘንበል ብሏል። ገብስ የሚያጭደውን ጎልማሳ ማን እንደቀየሰለት ጠየቅሁት። ማንነቴን አያውቅም። «አያቴ ናት፣ አባባ» አለኝና፣ በማጭዱ ጫፍ የውሃውን መውጫ አሳየኝ።