የገጽ ዕይታው እጥፍ ሆነ፤ እንግዳው ግን ያው ነው

የሆቴል ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «አንድ ባለሙያ ድረ ገጻችንን ካደሰልን ወዲህ በጉግል አናሊቲክስ የገጽ ዕይታችን እጥፍ ሆኗል። ከ50 በመቶ በላይ የነበረው ባውንስ ሬት (ገጹን ከፍተው ብዙም ሳይቆዩ የሚወጡ ጉብኝቶች ድርሻ) ወደ 2 በመቶ ወርዷል። የተጠቃሚው ቁጥርም ሆነ ክፍል የሚያስይዘው ሰው ግን አልጨመረም። ምን ይሆን?»

ጉብኝቱን ለአናሊቲክስ የሚያስቆጥረው የመከታተያ ኮድ ሁለት ጊዜ ገብቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሮቦቶች (በራሳቸው ድረ ገጽ የሚከፍቱ ፕሮግራሞች) ቢሆኑ ኖሮ የተጠቃሚው ቁጥርም አብሮ ይንር ነበር። ዕይታው ብቻ ካደገ ያው ሰው ሁለቴ እየተቆጠረ ነው።

ባውንስ ሬቱን ግን ሳላብራራ አላልፍም፤ ብዙ ሰው ዝቅ ሲል ደስ ይለዋልና። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ሥራውን ባቆመው በአሮጌው አናሊቲክስ፣ አንድ ገጽ አይቶ ሌላ ምንም ሳያደርግ የወጣ ሁሉ ባውንስ ይባል ነበር። በአሁኑ አናሊቲክስ 4 ግን ጉብኝቱ ከ10 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ ወይም ቁልፍ ተብሎ የተመረጠ ድርጊት ከተፈጸመበት፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ የገጽ ዕይታ ካስመዘገበ ከባውንስ ይወጣል። የእርስዎን ቁጥር ያበላሸው ይህ የመጨረሻው ነው። ኮዱ ሁለት ሲሆን አንዱ ገጽ ገና ሲከፈት ሁለት ዕይታ ይላካል፤ ዓይኑን ጣል አድርጎ የተመለሰውም መስፈርቱን ያሟላል። ስለዚህ 2 በመቶ የጥፋት ምልክት እንጂ የምሥራች አይደለም።

ምንም ከመንካትዎ በፊት የድረ ገጹን ሙሉ ቅጂ ከነዳታቤዙ (ከነመረጃ ቋቱ) ያስቀምጡ። ከዚያ ገጹን በክሮም ከፍተው ኤፍ12ን ይጫኑ፤ «ኔትወርክ» በሚለው ክፍል «ኮሌክት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፈው ያጣሩና ገጹን እንደገና ይክፈቱት። የገጽ ዕይታ መልእክት በአንድ መለያ ቁጥር ሁለቴ ከተላከ ጥፋቱ ተገኝቷል። ድረ ገጹ በዎርድፕሬስ (በድረ ገጽ መሥሪያው ሶፍትዌር) የተሠራ ከሆነ ፕለጊኑን (ተጨማሪ ሥራ የሚሰጠውን ቅጥያ)፣ የቲሙን (የገጹን መልክ የሚወስነውን ንድፍ) ሄደር ፋይል፣ ማለትም የየገጹን መጀመሪያ የያዘውን ፋይል፣ እና ታግ ማናጀሩን (የጉግልን ኮድ ማስገቢያ መሣሪያ) ይፈትሹ፤ ኮዱን በአንዱ ብቻ ያስቀሩ። የነበረውን ሳያዩ በላዩ ሌላ መደረብ ጥገና አይባልም! ቲሙ ከየትም በነጻ የወረደ የተሰረቀ ቅጂ ከሆነማ የማያውቁት ሰው ኮድም ተደብቆበት ሊሆን ስለሚችል አውጥተው ይጣሉት።

ሄደር ፋይሉን ሲከፍቱ ቅጂው በእጅዎ መኖሩን ደግመው ያረጋግጡ። አንድ ቅንፍ ብትጎድል ድረ ገጹ ላይከፈት ይችላል።

ሲጨርሱ ካሹን (ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ተብሎ የተቀመጠውን የቀድሞ ገጽታ) ያጽዱ፤ አለበለዚያ አሮጌው ኮድ መሥራቱን ይቀጥላል። የተበላሸው ወር መረጃ አይታረምም፤ ለአለቃዎ ሲያቀርቡ የተጠቃሚውን ቁጥር ይጠቀሙ። ባውንስ ሬቱ ተመልሶ ከ50 በመቶ በላይ ሲወጣም ደንግጠው ኮዱን እንዳይነኩት።