ከደመወዝ የተረፈችው ብር

ለአዳዲስ መምህራንና በቅርቡ ርዕሰ መምህር ለሆናችሁ ልጆቼ፣

ሥራ ስትጀምሩ ሰው ሁሉ ደመወዛችሁን ይጠይቃችኋል። ይጠይቅ፣ ደመወዝ ያሳስባል። እናንተ ግን አንድ ሌላ ነገር ጠይቁ። ትምህርት ቤታችሁ ለጠመኔ፣ ለወረቀት፣ ለውኃ፣ ለበር ቁልፍ በዓመት ስንት ብር አለው? ከየት ይመጣል? መቼ ይደርሳል? ይህን ሳይጠይቁ ጡረታ የወጡ ስንት ባልደረቦች አሉኝ መሰላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1994 እና 1995 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘቡ ከፌዴራል ለክልል፣ ከክልል ለወረዳ በጥቅል ይወርዳል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጀት ከወረዳው ኪስ ነው። ወረዳው ለትምህርት ከያዘው ውስጥ አብዛኛውን የመምህራን ደመወዝ ይወስደዋል። ደመወዝ ደግሞ አይነካም፣ መነካትም የለበትም። ስለዚህ በጀት ሲጠብ መቀሱ የሚያርፈው ሥራ ማስኬጃው፣ ማለትም ጠመኔና ወረቀት የሚገዛበት ብር ላይ ነው። ሥራ ማስኬጃ ሲቆረጥ የሚጮህ ሰው የለማ!

በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ ቀረ። ትልቅ ነገር ነበር። ልጆች ጎረፉ። ክፍያውን የሚተካ ገንዘብ ግን አብሮ አልመጣም። ክፍተቱን ወላጅ በመዋጮ ሞላው። ትምህርት ቤቱም ግቢው ውስጥ ያለውን ሣርና ባህር ዛፍ እየሸጠ ያገኘውን “የውስጥ ገቢ” ብሎ ጠራው። የጥበቃው ደመወዝ ሳይቀር ከዚያ የሚወጣባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

ሥራ ማስኬጃ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የፈተና ሰሞን ነው። የፈተና ማባዣው ማሽን፣ ዱፕሊኬተሩ አለ፤ ጥያቄው የሚጻፍበት ስቴንስልና ወረቀት የለም። መምህሯ ጥያቄዎቹን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ሰሌዳው ጥቁር የነበረው ድሮ ነው፤ አሁን ነጣ ብሏል። ከኋላ የተቀመጡት ስለማይታያቸው ከፊት ያለውን ልጅ “ሦስተኛው ምን ይላል?” ይሉታል። እሷ ይህን እንደ ኩረጃ ልትቆጥረው ነው? የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥያቄዎች ይጠፉና ቀጣዮቹ ይጻፋሉ። እጁ ቀስ የሚል ልጅ አመለጠው ማለት ነው። ውጤቱ ሲመጣ “የተማሪዎች ብቃት ዝቅተኛ ነው” ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

በ2001 ዓ.ም. በአጠቃላይ የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም የትምህርት ቤት ድጎማ መጣ። እኛ “ስኩል ግራንት” ነበር የምንለው። ዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች ከመንግሥት ጋር ሆነው ነው ያዋጡት። ስሌቱ በተማሪ ቁጥር ነበር፤ ከፍ ላለ ክፍል ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ትምህርት ቤቱ ያቅዳል፣ ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) አይቶ ያጸድቅ ነበር። ብዙው ገንዘብ ለመማር ማስተማር እንዲሆን መመሪያው ያዝዝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያ ገንዘብ ብዙ አልነበረም። ግን ርዕሰ መምህር አንድ ካርቶን ጠመኔ ለመግዛት ደብዳቤ ይዞ ወረዳ ደጅ መጥናቱ ቀነሰ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እንከኑንም እወቁት። በነፍስ ወከፍ የሚሰላ ገንዘብ ትንሽ ትምህርት ቤትን ይጎዳል። ሁለት መቶ ተማሪ ያለው የገጠር ትምህርት ቤትም፣ ሁለት ሺህ ያለው የከተማውም፣ ጥበቃ፣ መዝገብ፣ ማኅተምና የቢሮ ወረቀት ይፈልጋሉ። የገጠሩ ደግሞ ከገበያ ይርቃል። የአካባቢው ሱቅ ዕቃው ቢኖረውም ሕጋዊ ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ከተማ ይወርዳል፣ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ይሰበስባል፣ ዕቃውን በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኖ ይመለሳል። ለትራንስፖርት የሚወጣው ከዚያችው ብር ነው። በዚያ ላይ በነፍስ ወከፍ የተወሰነው ብር ባለበት ይቆማል፣ የወረቀት ዋጋ ግን አይቆምም። በቁጥር ስለሚከፈልም ያቋረጠ ልጅ ስም መዝገብ ላይ እንዲቆይ የሚፈልግ አይጠፋም። እንዲህ አታድርጉ። ያ ቁጥር ለመጽሐፍ ሥርጭትም፣ ለመምህር ምደባም ይውላል። አንዴ ከተበላሸ ሁሉም ይበላሻል።

ጊዜውስ? የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ትምህርት መስከረም። ብሩ ግን ጥር ላይ የደረሰበት ዓመት አይቻለሁ። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል። ያልተጠቀሙበት የመንግሥት በጀት ተመላሽ ነው። ስለዚህ በሰኔ ግዢ ይጧጧፋል፣ አጥር ቀለም ይቀባል። እንግዳ ሲመጣ የሚያየው አጥሩን ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ! እኔ ብሆን ግን ከቀለሙ በፊት የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር እንዲዘጋ፣ ውኃ እንዲኖርና ንጽሕና መጠበቂያ እንዲቀመጥ አደርጋለሁ። በወር ውስጥ ቀናት እየቀረች ያለች ልጅን ቀለም አይመልሳትም።

ሒሳቡን ደግሞ አትደብቁ። የገዛችሁትን ዕቃ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) አስገቡ፣ ከመጋዘን ያወጣችሁትን በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) አስፈርሙ። ገቢና ወጪውን ሰው በሚያነበው አማርኛ ጽፋችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። ወላጅ አይገባውም የሚል ሰው ካለ አትስሙት። በሬ የሚሸጥ ገበሬ የጠመኔ ሒሳብ አይከብደውም። ብሩ የት እንደገባ ያየ ወላጅ መዋጮ ሲጠየቅ ፊቱን አያጠቁርም። ያላየ ደግሞ ያማል፣ ቢያማም አልፈርድበትም።

ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ሆናችሁ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት ለመርዳት የምታስቡም አላችሁ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አብዛኛው ሰው የሚሰጠው ክፍል ወይም ኮምፒውተር ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ የመብራቱንና የጥገናውን ማን ይክፈል? አቧራ እንዳይገባበት ተብሎ የተቆለፈ የኮምፒውተር ክፍል ስንት አለ! ስትሰጡ ዕቃው ለሦስት ዓመት የሚሠራበትንም አብራችሁ ስጡ። ወይም ወረቀት ስጡ። ፎቶ ላይ አያምርም፣ ግን ያልቃል፤ ያለቀው ስለተሠራበት ነው።

እናንተ ወጣት ርዕሰ መምህራን ደግሞ እስከ ሰኔ አትጠብቁ። ወረዳው የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ማዘጋጀት ሲጀምር፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ የወተመህ ሰብሳቢውን ይዛችሁ ግቡ። ርዕሰ መምህር ብቻውን ሲሄድ “እናያለን” ይባላል። “በቂ በጀት ይመደብልን” የሚል ደብዳቤም አትውሰዱ፣ እንደሱ ያለው እዚያ ተከምሯል። አንድ ገጽ ይበቃል። ዘንድሮ ምን እንዳለቀባችሁ፣ በየትኛው ወር እንዳለቀ፣ ባለቀበት ሰሞን የትኛው ክፍል ምን እንደቀረበት፣ ዕቃው ዛሬ ገበያ ላይ ስንት እንደሆነ ጻፉ። ሲቀበሏችሁ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ አስፈርሙ።