«ፔትሪፋይድ» ማለት ፈሪ ማለት ነውን?

«ፔትሪፋይድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል «ፈሪ» ማለት ነው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ አይደለም። ፈሪነት የሰው ጠባይ ሲሆን ይህ ቃል ግን ፍርሃት የያዘው ሰው የሚገኝበትን ሁኔታ ይገልጻል። ሥሩ «ዐለት» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክኛው «ፔትራ» ነው፤ ጴጥሮስ የሚለው ስምም ከዚያው ይመዘዛል። በየካ አባዶ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች ገና ሳይነጋ ታክሲ ለመያዝ ስንወጣ ጅብ ድንገት መንገድ ላይ ቢገጥመን፣ እግራችን አልንቀሳቀስ ብሎ፣ ጉሮሯችን ደርቆ፣ ባለንበት ክው ብለን የምንቀርበትን ድንጋጤ በትክክል ይገልጸዋል። ስለዚህ «በፍርሃት ክው ያለ» ብለው ቢተረጉሙት እመርጣለሁ። የሚፈራው ነገር ሲጠቀስ «ኦፍ» ይከተለዋል፤ «ፔትሪፋይድ ኦፍ ስኔክስ» ሲባል እባብ እጅግ የሚፈራ ማለት ነው፤ በዚህ አገባብ እባቡ የግድ ፊት ለፊት መኖር የለበትም። ለቀላል ስጋት «አፍሬድ» ይበቃል።