ለሁለተኛ ትዳር ትንሽ ሠርግ፤ እኛ ደሴ ላይ እንዴት እንደደገስን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ ሳስበው ነው ያደርኩት። ሁለታችሁም ከዚህ በፊት ትዳር ነበራችሁ፣ ልጆች አሏችሁ፣ ደሴ ናችሁ፣ ያላችሁ ገንዘብ ለትልቅ ድግስ አይበቃም። «ዝም ብለን ተፈራርመን እንግባ ወይስ በራሳችን አቅም ትንሽ እንደግስ? ለሁለተኛ ጊዜ ሠርግ ሲባል ሰው ምን ይለናል?» ብለሻል።

አብሽሪ። እኔም እዚሁ ደሴ፣ ኅዳር 7 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በ41 ዓመቴ ነው ሁለተኛ ትዳሬን የመሠረትኩት። እኔ ፈትቼ፣ እሱ ሚስቱ ሞታበት። እኔ አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፣ እሱ ሁለት ሴቶች። እና እላለሁ፦ ደግሱ። ዝም ብላችሁ ከገባችሁ ጎረቤት ያማል፣ ልጆቻችሁም ነገሩ የሚያሳፍር ይመስላቸዋል። ግን ለማን እንደምትደግሱ አስቀድማችሁ ወስኑ።

የመጀመሪያ ሠርጌ 400 ሰው ነበር። ግማሹን አላውቀውም። ዕዳው ዓመት ከመንፈቅ አሠቃየን። ለሁለተኛው ቁጭ ብለን ስም ስንጽፍ አንድ መለኪያ ያዝን፦ ባለቤቴ ሚስቱን ሲቀብር ድንኳን ውስጥ ያደረ፣ እኔ ስፈታ በሬን ያንኳኳ። ቆጠርነው፣ 80 ሰው ሆነ። የሥራ ባልደረቦቻችንን በሌላ ቀን ቡና ጠራናቸው። የተቀየመ ሰው አልሰማሁም።

አሁን ወደ ወጪው። የወሎን ድግስ ውድ የሚያደርገው ሥጋው ነው። ታውቂዋለሽ፣ የእኔ እናት ወገን ክርስቲያን ነው፣ የአባቴ እናት ዘመዶች ሙስሊሞች ናቸው፣ የባለቤቴም ቤት እንዲሁ ድብልቅ ነው። ሥጋ ካለ ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት የሚያስተናግድ ቡድን ያስፈልጋል። ለ80 ሰው ይህን ማድረግ ከአቅማችን በላይ ነበር። ስለዚህ ሥጋ አስቀረን። አማቴ መጀመሪያ ከፍቷቸው ነበር። «ልጄ እንደ ሙት ዓመት በሽሮ ሊያገባ ነው?» አሉ። እኛም ሽሮ ብቻ እንዳይሆን አሰብንበት።

ዓሣ እርድ አይፈልግም። ሁሉም ይበላዋል። ሐይቅ ደግሞ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሳምንት በፊት ሄደን ከአንድ አጥማጅ ጋር ተነጋገርን፤ እሑድ ጠዋት ትኩሱን የባለቤቴ ወንድም አመጣው። ግቢ ውስጥ ተጠበሰ። ከሱ ጋር የዕንቁላል ወጥ አደረግን፤ ቁሌቱ የዶሮ ወጥ ቁሌት ነው፣ ቅቤው በደንብ የገባበት፣ ዶሮ ብቻ የለውም። አይብ፣ ምስር፣ ጎመንና ሽሮ ተጨመሩ። 40 ኪሎ ጤፍ አስፈጭተን ወደ 200 እንጀራ ወጣው፤ በቃን፣ ጥቂትም ተረፈ። ሽንኩርት 25 ኪሎ ገዛን። ሁለት ጎረቤቶቼ ድፎ ዳቦ ደፉልኝ። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ድንኳን ከአንድ ትሪ በላ። አክስቴና የአባቴ የአጎት ልጅ ሐጂው አንድ ገበታ ላይ ሆነው ሳይ እንባዬ መጣ። በሌሎች ሠርጎች የእስላም ወገንና የክርስቲያን ወገን ተብለው በመጋረጃ ተለያይተው ነበር የሚበሉት። አማቴም ሲጨርሱ ዓሣውን ደግመው አስጨመሩ።

ለመጠጥ ቀሪቦ። ይህን አደራ እልሻለሁ። ገብሱ ጠቆር እስኪል ተቆልቶ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ያድራል። ዋጋው ለስላሳ ከመግዛት ጋር አይነጻጸርም፣ ሕፃን ሽማግሌውም ይጠጣዋል። ለሚጠጡት አንድ ጋን ጠላ ጠመቅን። ቢራ አልገዛንም።

ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ብርጭቆ ከቅሬያችን፣ ማለትም ከዕድራችን ነው ያገኘነው። የቅሬው ዳኛ ዘንድ ከአንድ ወር በፊት ሄደን ቀኑን አስመዘገብን። ቀድማችሁ ሂዱ፣ ምክንያቱም ልቅሶ ከመጣ ቅድሚያ ለልቅሶ ነው። እኛ ለጥንቃቄ የባለቤቴን አጎት የቅሬ ድንኳንም ጠይቀን ነበር።

ቀኑን በተመለከተ፣ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው ሚያዝያ ሁሉም ሰው የሚደግስበት ጊዜ ነው። የሽንኩርቱም የቅቤውም ዋጋ ይሰማሻል። እኛ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ያለችውን ሳምንት መረጥን። የምሳ ሠርግ አድርጉት። በኅዳር የደሴ ብርድ ማታ ላይ እንዴት እንደሆነ አልነግርሽም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡና ተፈላ፣ ቄሱም ሸሁም መረቁን፣ ሳይመሽ ሰዉ ወደ ቤቱ ገባ። ዲጄ አልነበረም። የአክስቶቼ ድምፅና አንድ ከበሮ በቂ ነበር፤ አምባሰልና ባቲ ሲዘፈን ደግሞ ከስልክ ወደ ተዋስነው ስፒከር።

ቀሚሴ ተራ የሀገር ልብስ ነው፣ ለበዓል እስካሁን እለብሰዋለሁ። ፎቶ የእህቴ ልጅ በስልኩ አነሣን።

ገንዘብ መክፈል ያለብሽ አንድ ቦታ አለ፦ እንጀራ ጋጋሪና ዕቃ አጣቢ። እኔ ይህን ልቆጥብ ብዬ ተሳሳትኩ። ቅዳሜ ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ምጣድ ላይ ነበርኩ። እሑድ ወገቤን ይዤ ነው የዋልኩት፤ ምርቃቱን እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም። እባክሽ አንቺ እንደዚያ አታድርጊ።

ወረቀቱን ቶሎ ጨርሱ። የፍቺ ውሳኔ ወይም የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋችኋል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንዲት ሴት ከፈታች ወይም ባሏ ከሞተ 180 ቀን ሳይሞላት እንዳታገባ ይላል፤ እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ ግን መጠበቅ የለባትም። በሃይማኖት ወይም በባህል ከተጋባችሁ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ተክሊል ለደናግል ነው፣ ለእንደኛ ዓይነቱ ለመዓስባን ግን ጸሎቱም ቁርባኑም አለ። ሙስሊም ከሆናችሁ ዒዳሽ፣ ማለትም ከፍቺ ወይም ከባል ሞት በኋላ የምትጠብቂው ጊዜ፣ ማለቁን አረጋግጪ፤ ኒካሑ በወሊይ (በሙሽሪት ወኪል)፣ በሁለት ምስክርና በመህር (ባል ለሚስቱ በሚሰጠው ስጦታ) ያልቃል፣ ወሊማውም (የሠርጉ ግብዣ) ከላይ እንዳልኩሽ በትንሹ ይሆናል።

እንዲሁም የየራሳችሁን ንብረት በጽሑፍ ለዩት። ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ነው፤ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ ግን ሕጉ የጋራ ነው ብሎ ይወስደዋል። የጋብቻ ውል በሁለት በሁለት ምስክር፣ በድምሩ በአራት ሰው ፊት ይፈረማል። እኛ ስንጽፈው አለመተማመን አልመሰለንም። የባለቤቴ ቤት የሞተችው የልጆቹ እናትም የለፋችበት ነው፤ የሁለቱ ሴቶች ድርሻ እንዲታወቅ ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ልጆቹ ናቸው። ልጄ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው የነገርኩት። ዘግይቼ ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዕለቱ አንዲት ዘመዴ በደስታ ብዛት «በል አባትህን ሳመው» አለችው። ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ ሄጄ ለመንኩት፣ አልከፈተም። ኋላ ባለቤቴ በሩ ደጃፍ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አባት አለህ፤ እኔ የአንተን አባት ልተካ አልመጣሁም። በስሜ ጥራኝ» አለው። እንግዳው እየጠበቀ አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ተቀመጠ። ልጁ ወጣ፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ዓሣ በላ። አሁን ጋሼ ነው የሚለው። ስለዚህ ለዘመዶችሽ ቀድመሽ ንገሪ፦ ልጆቹን ማንም «አባትህ፣ እናትሽ» በሉ ብሎ እንዳያስገድዳቸው።

የባለቤቴ ትልቋ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «የእናቴ ፎቶ ከግድግዳው ይወርዳል?» አለችኝ። አይወርድም አልኳት። በሠርጉ ቀንም እዚያው ነበር፣ ከሥሩ ቄጠማ ጎዝጉዘን። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ቡናውን ያፈላሁት እኔ ነኝ ብላ ለሰው ሁሉ ስትነግር ዋለች። ለልጆቻችሁ ሥራ ስጧቸው፤ ፈንዲሻ ማዞር፣ እጅ ማስታጠብ፣ የተጠራውን ሰው ስም መያዝ። ሥራ ሲኖራቸው እንደ እንግዳ ጥግ ይዘው አይቀመጡም።

የቀድሞ ባሌን እናት ሄጄ ራሴ ነው የነገርኳቸው። የልጄ አያት ናቸው፣ ከሰው አፍ እንዲሰሙት አልፈለግኩም። አልቅሰው መረቁኝ። ሠርጉ ላይ አልመጡም፣ አንድ አገልግል ግን ላኩ። የሞተችው ሚስት እናት ግን መጥተው ከእኛ ጋር በሉ። አንቺም በልጆቹ በኩል አያቶች ካሉ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፣ የሚያከብሩትን ሰው ይዘሽ ሂጂ።

የቅሬውን ዕቃ ሰኞ ጠዋት አጥባችሁ ቆጥራችሁ መልሱ። እኛ ሦስት ብርጭቆ ሰብረን ነበር፤ ገዝተን ተካን፣ ከተረፈው ድፎ ዳቦም ለዳኛው ቤት ላክን። የሰዉን ቁጥር ስታውቂ ጻፊልኝ፣ የጤፉንና የሽንኩርቱን መጠን አብረን እናሰላዋለን።