ያልገባሽን የኬሚካል ወረቀት ከመፈረምሽ በፊት

እህቴ፣ «ሆቴል ጽዳት ጀመርኩ፤ ኤስዲኤስ (የኬሚካሎች ደህንነት መረጃ ወረቀት) የሚሉት ወፍራም ፋይል ሰጥተው አንብበሽ ፈርሚ አሉኝ። እንግሊዝኛው አልገባኝም፤ ዝም ብዬ ልፈርም?» ብለሻል። እንዳትፈርሚ! «አስረዱኝና እፈርማለሁ» በያቸው። እኔ እዚሁ አሜሪካ ሆቴል ስገባ ዝም ብዬ ነው የፈረምኩት።

ሦስተኛ ሳምንቴ ላይ ሽንት ቤት መቀመጫ ውስጥ በረኪና ጨመርኩ። እድፉ አልለቅ ሲለኝ ሌላ ማጽጃ ደገምኩበት። ሁለተኛው ለካ አሲድ ነው። ወዲያው ጉሮሮዬ ተያዘ፣ ዓይኔ ተቃጠለ፣ እየሳልኩ ኮሪደር ወጣሁ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የፈረምኩበት ፋይል ውስጥ፣ ክፍል 10 ላይ ተጽፎ ነበር!

ሁሉንም ላንብብ ብለሽ ግን አትጨነቂ። የእያንዳንዱ ኬሚካል ወረቀት 16 ክፍል አለው፤ የክፍሎቹ ቅደም ተከተል በሁሉም አንድ ነው። አንዱን ከለመድሽ ሌላውን ታገኚዋለሽ። ስለ ማጓጓዝ ምናምን የሚለውን ዝለይው። ክፍል 2 አደጋውን ይነግርሻል፤ «ዴንጀር» የሚለው «ዋርኒንግ» ከሚለው ይከፋል። 10 ከምን ጋር እንደማይነካካ። 4 የመጀመሪያ እርዳታ ነው፣ ስልክሽ ላይ ፎቶ አንሺው። 8 ላይ ግን ቆም በይ። ጓንት ልበሺ ብሎ ብቻ አያልፍም፣ ከምን የተሠራ ጓንት እንደሆነም ይናገራል። በኮሮና ጊዜ የለመድነው ማስክ ደግሞ ጋዝ አያቆምም፤ እኔ ያቆማል ብዬ ስንት ጊዜ ተማምኜበታለሁ። በስልክ ካስተረጎምሽው፣ «አትቀላቅል» የሚለው ቦታ ላይ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይይልሽ። ማሽኑ አንዳንዴ «አት»ን ይበላታል።

ሌላው፣ ከትልቁ ጀሪካን ተገልብጦ ምንም ያልተጻፈበት የሚረጭ ጠርሙስ ቢሰጡሽ አትንኪው። ስሙን ካላወቅሽ የትኛውን ወረቀት ትገልጫለሽ?

መብትሽንም እወቂ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ቢሆን ሕግ አይከለክልም፤ ሥልጠናው ግን በሚገባሽ ቋንቋ መሆን አለበት፤ ኦሻ፣ የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ያስገድዳቸዋል። ፋይሉም በሥራ ሰዓትሽ ሁሉ የሚገኝ መሆን አለበት። ማታ የአለቃ ቢሮ ውስጥ ከተቆለፈበት እንደሌለ ቁጠሪው።

ድንገት ከተነፈስሽው መጀመሪያ ንጹሕ አየር ወዳለበት ውጪ። መተንፈስ ካቃተሽ 911። ካልሆነ 1-800-222-1222 ደውዪ፤ የመርዝ መረጃ መስመር ነው፣ ነጻ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል። «አምሃሪክ» በያቸው፣ አስተርጓሚ ያገናኙሻል።