ጥንቸሏ ርካሽ ናት፣ ውዱ አፏ ነው

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁ ግማሹ ስለ ጥንቸል ነው፣ ሥጋ ሲወደድ ሰው ሁሉ ጓሮውን ማየት ጀመረ መሰለኝ።

«አንድ ወንድና ሁለት ሴት ገዝቼ ብጀምር አንድ ኪሎ ሥጋ በስንት ይወጣልኛል?» (ከሳቢያን)

ወንድሜ በብር ብነግርህ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ሳምንት አይሰራም፣ በኪሎ እንቁጠረው። ሁለት ኪሎ የደረሰች ጥንቸል ስትታረድ ከነአጥንቷ አንድ ኪሎ ብትወጣ ነው። እዛ ለመድረስ ደሞ የእናትየዋን ቀለብ ጨምረህ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት አራት ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ያዝ፣ በቃ አንድ ኪሎ ሥጋ ማለት ስምንት ኪሎ መኖ ነው። አሁን የመኖውን ዋጋ ጠይቀህ በስምንት አባዛውና ከፍየል ሥጋ ጋር አስተያየው፣ ብዙ ካልተራራቁ ተወው። የሚያዋጣህ ከግማሽ በላዩን ሳር፣ አልፋልፋ፣ የስኳር ድንች ቅጠል በነፃ ካገኘህ ብቻ ነው። እሱም ቀላል እንዳይመስልህ፣ እርጥብ ሳር አብዛኛው ውሃ ስለሆነ አንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ለመተካት አራት አምስት ኪሎ ታጭዳለህ። ቀፊራ ገበያው ሲበተን ቅጠል የሚለቅምልህ ልጅ ካለህ ጥሩ፣ ግን የልጁን ሳንቲምም ወጪ ላይ ጻፈው።

«ገራባ (የጫት ትራፊ) ብሰጣቸውስ? ፍየሎቼ በልተውት ምንም አይሆኑም» (ከሐረር)

እህቴ የፍየል ጨጓራ ሌላ ነው። ጫቱ ላይ የሚረጨውን መድኃኒት ደሞ አስቢው፣ ሥጋውን የምትበሉት እናንተ ናችሁ። አትስጪ።

«ወንዱ ሴቷን ይወጣል፣ ግን ሦስት ወር ሙሉ መውለድ የለም። አታለው ሸጡልኝ?» (ከድሬ)

አቦ ሻጩን አትማው፣ ሙቀቱ ሊሆን ይችላል! ጥንቸል የሚመቻት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው፣ ሙቀቱ ከ30 አልፎ ከሰነበተ የወንዱ ዘር ይደክማል፣ ከቀዘቀዘ በኋላም ለመመለስ ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል። ድሬ ደሞ በግንቦትና በሰኔ 35ን ትዘላለች፣ ሐረር ከፍ ስለምትል ይቀላታል። ደህና ጊዜ ቢሆን እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ነው፣ አንተ ጋ ግን ጥንቸሎቹ ሳይወልዱ እየበሉ ነው፣ ይሄን ወጪ ደሞ ማንም አስቦት አይጀምርም። ከቆርቆሮው በላይ ሳር ደርብ፣ ዛፍ ጥላ ስር አድርጋቸው፣ ቀትር ላይ ውሃ የቀዘቀዘበት የሃይላንድ ጠርሙስ (በረዶ ከሆነ ይሻላል) አጠገባቸው አስቀምጥ፣ መብራት ካለ ማለቴ ነው።

«ቤታቸውን በምን ልስራ?»

በሞራሌና በሽቦ፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ። መሬት ላይ ከለቀቅካቸው ቆፍረው ይወጣሉ፣ ሐረር ከሆንክ ጅቡ አለ።

«ሲበዙ ለማን እሸጣለሁ?»

እዚህ ነው ችግሩ። ኦርቶዶክስ ጎረቤታችሁ አይበላም፣ ሙስሊሙ ቢፈቀድለትም ብዙው አልለመደውም። ስለዚህ መጀመሪያ ለራሳችሁ ድስት አስቡ፣ ገዢ ሳትይዙ ሃያ አታድርሷቸው፣ ሁለት ኪሎ ደርሳ ያልታረደች ጥንቸል እድገቷ እየቀነሰ መኖ ነው የምትጨርሰው።