ከባንግላዴሽና ከሾሾኒ ማን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሸርጃ ውስጥ በአንድ ላውንደሪ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አጠገቤ ቆሞ ልብስ የሚተኩሰው ባንግላዴሻዊ ነው። ከደመወዙ ለራሱ የሚያስቀረው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉንም ለእናቱ ይልካል። ወንድሜ ደግሞ አሜሪካ፣ ኔቫዳ ውስጥ ትራክ ይነዳል። ባለፈው ሲደውልልኝ «ዛሬ ሾሾኒ የሚባሉ ቀይ ሕንዶች አገር አለፍኩ፤ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ችግር አለ ብልሽ አታምኚኝም» አለኝ። ይህንን ለባልደረባዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «የአሜሪካ ደሃ እኛ ጋ ቢመጣ ባለጸጋ ነው» አለ። የማንኛቸው እውነት ነው? ኑሯቸው በትክክል ቢወዳደር ማን ይሻላል?
ወ. ከሸርጃ

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ያለፈበትን አገር አውቀዋለሁ። ደሴ ላይ ለ14 ዓመት ጂኦግራፊ ካስተማርኩ በኋላ እንጀራ ላስ ቬጋስ አደረሰኝ፤ እዚያም እንደ ብዙው ሐበሻ መሪ ጨበጥኩ። ለሰባት ዓመት ከአይዳሆ ድንች እየጫንኩ በ15 ቁጥር አውራ ጎዳና ስመላለስ ነዳጅ የምቀዳው ፎርት ሆል ላይ ነበር። ፎርት ሆል የሾሾኒና የባኖክ ሕዝቦች የጋራ ምድር ነው። ማደያውም፣ አጠገቡ ያለው ካዚኖም የራሳቸው ነው።

አንድ የጥር ሌሊት በረዶ መንገዱን ዘግቶብኝ እዚያው አደርኩ። ሂሳብ የምትቀበለው ሴት በእኔ ዕድሜ ያለች ናት። ቡና ቀድታ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፤ እኔም በዙሪያው የማየው የድንች ማሳ ሁሉ የእናንተ ነው ወይ አልኳት። «መሬቱ የእኛ ነው፣ ድንቹ የሌላ ነው» አለችኝ። በአያቷ ስም የተመዘገበው መሬት ለነጭ ገበሬ ተከራይቷል። የአያቷ ወራሾች እጅግ ከመብዛታቸው የተነሳ በዓመት አንዴ የሚደርሳት የኪራይ ቼክ የአንድ ምሳ ዋጋ አይሞላም። ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ። አልመነዘረችውም ነበር። ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ቼክ ነው። (ዓመቶቹን ከዚህ በኋላ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

ባልደረባሽ የሳቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በባንግላዴሽ የአንድ ሰው አማካይ የዓመት ገቢ 2,500 ዶላር ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ2024 ብቻውን የሚኖር ሰው ደሃ ተብሎ የሚቆጠረው ገቢው ከ15,060 ዶላር በታች ሲሆን ነበር። በዶላር ብቻ ከቆጠርን ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ነገር ግን ዶላር የሚለካው በሚገዛበት አገር ነው። ሾሾኒዎች በሚኖሩበት በረሃና ተራራ መኪና የሌለው ሰው ሥራ የለውም፤ ሐኪም ጋም አይደርስም። ለክረምቱ ማሞቂያ መክፈልም ግድ ነው። ስለዚህ እኔ ከገቢው ይልቅ ዕድሜውን አያለሁ። ሰው ስንት ዓመት ይኖራል?

እዚህ ላይ የባልደረባሽ ሳቅ ይቆማል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና አኃዝ እንደሚያሳየው በ2019 የነባር ሕዝቦቹ አማካይ ዕድሜ 71.8 ዓመት ነበር፤ በ2021 በኮቪድ ምክንያት ወደ 65.2 ወረደ። ይህ የነባሮቹ ሁሉ አኃዝ እንጂ የሾሾኒዎች ብቻ አይደለም። በዚያው ክፉ ዘመን የባንግላዴሽ ሰው አማካይ ዕድሜ ከ70 በላይ ነበር። በገንዘብ ብዙ እጥፍ የሚበልጠው በዕድሜ አነሰ ማለት ነው። እኔን ይህ ያስቆጣኛል፤ አልደብቅሽም።

ባንግላዴሽ ከየት ተነስታ እዚህ እንደደረሰች አስቢ። በኅዳር 1970 ከባሕር የተነሳው ማዕበል በትንሹ 300 ሺህ ሰው ገደለ። በ1971 በጦርነት ከፓኪስታን ተለየች። በ1974 ረሃብ ገባባት፤ የእኛ ወሎ በተራበችበት ሰሞን ማለት ነው። የኢትዮጵያን ሰባተኛ በማይሞላ መሬት ላይ ዛሬ 170 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖራል። በ1970ዎቹ አንዲት ሴት በአማካይ ከስድስት በላይ ልጅ ትወልድ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ገደማ ናት።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ተማሪዎቼን ደጋግሜ የነገርኳቸው የጨውና የስኳሩን ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዳካ በሚገኘው የኮሌራ ምርምር ጣቢያ፣ በተቅማጥ የሚደርቅ ሕመምተኛ ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ቢጠጣ እንደሚተርፍ ተረጋገጠ። ዛሬ ኦአርኤስ የምንለው ነው። ግን ፓኬቱን ለመንደሩ ሁሉ ማን ያዳርሳል? በ1972 ፋዝሌ ሃሰን አቤድ የመሠረቱት ብራክ የተባለው ድርጅት መላ አገኘ። ከ1980 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ሴት ሠራተኞችን ቤት ለቤት ላከ። እያንዳንዷን እናት በገዛ ማጀቷ አስቀምጠው በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ ጭብጥ የሸንኮራ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ውሃ እያስለኩ አሠለጠኗቸው። 12 ሚሊዮን ያህል ቤት አንኳኩ። እኔን የሚገርመኝ ግን የደመወዙ ነገር ነው። ሠራተኛዋ ከሄደች በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ጥቂት እናቶችን ይፈትናል፤ እናቲቱ በትክክል ከበጠበጠች ለአስተማሪዋ ይከፈላታል፣ ከረሳች ክፍያዋ ያንሳል። እኔ ለ14 ዓመት ሳስተምር ተማሪዬ ገባው አልገባው ደመወዜ ያው ነበር። ያ ሥርዓት እኛ ጋ ቢኖር ምን እሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ይህን ስልሽ የባልደረባሽን አበሳ አቅልዬው አይደለም። ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰው ሞተ። ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታውቆ ነበር፤ ልብስ ሰፊዎቹን ግን ግቡ ተባሉ፣ ገቡ። ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ገቢ ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከእነዚሁ ልብስ ሰፊዎች እጅ ነው። ደግሞም ባልደረባሽን ሸርጃ ያደረሰው ማን እንደሆነ ጠይቂው። በቋንቋው «ዳላል» ይልሻል። የእኛው ደላላ ነው፤ ቃሉ ከዓረብኛ ተነስቶ አዲስ አበባም ዳካም ገብቷል። ወደ ባሕረ ሰላጤ ለመሄድ ባንግላዴሻዊው የሚከፍለው ከማንም በላይ ከሚከፍሉት ተርታ ነው። መሬት ይሸጣል፣ ይበደራል፣ የመጀመሪያው ዓመት ሁለቱ ዓመት ደመወዝ ለዕዳ ይሄዳል። ቢሆንም እናቱ የምትኖርበትን ቦታ ሸጦም ሆነ አስይዞ መምጣቱን ልብ በይ። የሚሸጥ ነገር ነበረው።

የፎርት ሆሏ ሴት የአያቷን መሬት ያለ መንግሥት ፈቃድ መሸጥም ማስያዝም አትችልም። የሾሾኒ ኑሮ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነው። በ1887 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የነባሮቹን የጋራ ምድር ለየሰው ሸነሸነ፤ ትርፍ የተባለውን ለሰፋሪ ከፈተ። ለየሰው የተሸነሸነውን ደግሞ መንግሥት በአደራ ይዞታል። ባለቤቱ ሲሞት መሬቱ ሳይከፈል ድርሻው ብቻ ለልጆች፣ ከዚያ ለልጅ ልጆች ይከፋፈላል፤ አንድ ማሳ በመቶ የሚቆጠር ባለቤት ያገኛል። ለማረስ የእነሱ ፈቃድ፣ ለማከራየት የመንግሥት ቢሮ ፊርማ ያስፈልጋል። በመሬቱ ላይ ቤት ልሥራ ብሎ ባንክ ብድር ቢጠይቅ ባንኩ ይሸሻል። ወሎ ያደግን ሰዎች መሬቱን ማስያዝ የማይችል ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም።

ፎርት ሆል በመጀመሪያ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ነበር፤ ዛሬ 220 ሺህ ያህል ቀርቷል። ጎረቤቷ ከተማ ፖካቴሎ ትባላለች። ስሟ የአንድ የሾሾኒ አለቃ ስም ነው፤ የቆመችው ከእነሱ በተወሰደ መሬት ላይ ነው። ስሙን አስቀሩለት።

ወንድምሽ የሚነዳበት ኔቫዳ ደግሞ የምዕራብ ሾሾኒዎች አገር ነው። በ1863 ሩቢ ቫሊ በተባለ ስፍራ ከመንግሥት ጋር የሰላምና የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ውሉ መንገደኛ ይለፍ፣ ባቡር ይዘርጋ፣ ማዕድንም ይቆፈር ይላል፤ መሬታችንን ሰጠን የሚል ቃል ግን የለውም። ዛሬ ከአሜሪካ ወርቅ አብዛኛው የሚወጣው ከኔቫዳ ነው፤ ትልልቆቹም ጉድጓዶች ያሉት በዚያው የውል ምድር ውስጥ ነው። ከ1951 እስከ 1992 ድረስም መንግሥት በዚሁ ምድር ላይ 928 የኑክሌር ሙከራ አድርጓል። ቦታው እኔ ከምኖርባት ላስ ቬጋስ አንድ ሰዓት ተኩል አይፈጅም።

በ1979 መንግሥት ለጠፋው መሬት ካሣ ብሎ 26 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው። ብዙዎቹ መሬታችንን አልሸጥንም ብለው አንወስድም አሉ። ገንዘቡ በግምጃ ቤት ተቀመጠ። ሜሪ ዳንና ኬሪ ዳን የተባሉ ከብት አርቢ እኅትማማቾች ከብቶቻችን የሚግጡት በራሳችን መሬት ነው ብለው ተሟገቱ፤ በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ ግምጃ ቤት ከገባ ተከፍሏችኋል ማለት ነው ብሎ ፈረደባቸው። እንግዲህ ልብ በይ፤ ያን ቀን ከሾሾኒ አንድ ሰው እንኳ አንድ ሳንቲም በእጁ አልገባም ነበር። በ2002ና በ2003 መንግሥት የእኅትማማቾቹን ከብትና ፈረስ እያሳደደ ወሰደ። በ2004 ገንዘቡ ወልዶ ከ140 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ይከፋፈል የሚል ሕግ ሲወጣ፣ ችግር የጸናባቸው እንውሰድ ሲሉ ሌሎቹ እስከ መጨረሻው ተቃወሙ። ሁለቱንም ወገን አልፈርድበትም።

አሁን ማን ይሻላል ወዳልሽው ልምጣ። በእጁ ባለው ነገር ላይ ማን ያዛል ብለን ከጠየቅን፣ ዝቅ ያለ ገቢ ቢኖረውም የባንግላዴሹ ገበሬ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የራሱ መንግሥት አለው፤ ሲከፋው አደባባይ ወጥቶ የሚጥለው መንግሥት። በቋንቋው ይማራል፤ ለቋንቋው በየካቲት 21 ቀን 1952 ዳካ ላይ ተማሪዎች ሞተዋል። የሾሾኒ ልጆች ግን አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው በቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር፤ ዛሬ ቋንቋውን አጥርተው የሚናገሩት በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው።

ግን ጥያቄሽ ራሱ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ አገርን ከአንድ ሕዝብ ጋር ነው ያወዳደርሽው። በባንግላዴሽ ውስጥ የሾሾኒ እውነተኛ አቻ የቺታጎንግ ኮረብታዎች ነባር ሕዝብ የሆኑት ቻክማዎች ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና በፓኪስታን ዘመን፣ ካፕታይ የተባለው ግድብ ተሠርቶ ለእርሻ ከሚሆነው ምድራቸው አርባ በመቶ ያህሉን ውሃ ዋጠው። 100 ሺህ ያህል ሰው ተፈናቀለ፤ ብዙው ቻክማ ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ሕንድ ገቡ። መብራቱ ለከተማው ሄደ። ከነፃነት በኋላም መንግሥት ከሜዳው ቤንጋሊ ገበሬ እያመጣ አሰፈረባቸው፤ ለሃያ ዓመት ያህል ተዋጉ፤ በታኅሣሥ 1997 የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ የመሬቱ ክርክር ግን ዛሬም አልተቋጨም። እኔ ቻክማዋን እናት ከፎርት ሆሏ ሴት ጎን ባስቀምጣት፣ ያለ አስተርጓሚ የሚግባቡ ይመስለኛል። ባልደረባሽን ስለ ቻክማ ጠይቂው። እንደኔ ግምት ስለ አሜሪካ ደሃ እንደሳቀው አይስቅም፤ ምናልባት ዝም ይላል። ዝም ቢል አትጫኚው፤ በሌላ ቀን ይነግርሻል።

ለወንድምሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። ወደ ሰሜን የሚጭን ከሆነ፣ ከ15 ቁጥር ጎዳና ወጣ ብሎ ፕሬስተን የምትባል የአይዳሆ ከተማ አጠገብ ቤር ሪቨር የሚባል ወንዝ አለ። ጥር 29 ቀን 1863 ወታደሮች በሌሊት ገስግሰው፣ ጎሕ ሲቀድ በሾሾኒዎች የክረምት ሰፈር ላይ ወረዱ፤ በትንሹ 250 ሰው ገደሉ፤ ሴትና ሕፃን ብዙ ነበር። በ2018 የሰሜን ምዕራብ ሾሾኒዎች ከዚያ መሬት ከ200 ሄክታር በላይ በገንዘባቸው መልሰው ገዙ። አሁን ውሃውን የሚመጥጠውን መጤ ዛፍ እየነቀሉ የጥንቱን አኻያ ይተክላሉ። ባለፈው መስከረም ሄጄ አይቼዋለሁ። ችግኞቹ ከጉልበቴ አይበልጡም፤ አጋዘን እንዳይበላቸው አንድ በአንድ በሽቦ ታጥረዋል።